ስለ

ፒያሳ፣ ጣልያን ፎቅ፣ ሁለተኛው ደርብ ላይ፣
የባሕር መሥሪያ ቤት አለን፣ ባሕር ሳይታይ።
መስኮቱን ብትከፍተው አዘዞን ታያለህ፣
ጣናን ግን በፋይል፣ በቁጥር ታውቃለህ።
እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፤ የገባ፣ የወጣ፣
በእጄ ነው የሚያልፈው፣ ምስጋናም ሆነ ጣጣ።
ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ሳሳርፍ፣
አንዲት ቃል ለምጃለሁ፣ በስም ጥግ የምታርፍ፤
«ስለ» ትባላለች።
ሁለት ፊደል ብቻ፤ ሰው ግን ትሸከማለች።

ኃላፊው ሲርቁ ምክትሉ ይፈርማል፣
ምክትሉ ሲታመም ቡድን መሪው ይቆማል፤
ሁሉም «ስለ» ብሎ፣ በሌላ ሰው ስም ትከሻ
ብዕሩን ያሳርፋል፤ ለክፉ ቀን መሸሻ።

ፈንታ ይዘንጋው፣ የዓሣ ባለሙያ፣
የቆላ ድባ ልጅ፣ ጭቃ የማይሰለቸው ከደምቢያ።
ስሙን እናቱ ናቸው ያወጡለት፣ ዱሮ፣
ታላቁ በወባ፣ ባራት ዓመቱ ተቀብሮ፤
«በሱ ፈንታ» ብለው፣
በሟቹ አንቀልባ አዝለው።
«እኔማ» ይለኝ ነበር፣ ሻይ ቤት ስንቀመጥ፣
«ስወለድም ተወካይ ነኝ፤ ምን አለ የሚያስደነግጥ?»

ሐምሌ ገባ። ቀሃ ሌሊት ሌሊት ጮኸ።
ኃላፊው፣ አቶ ጓንጉል፣ ለሥልጠና ሄዱ፣
ውክልና አስጽፈው፣ ሦስት ግልባጭ፣ እንደ ልማዱ፦
ለምክትላቸው ለምትኩ፣ «የዓመት ፈቃድ፣ አበል፣
የነዳጅ፣ የጎማ ግዢ... በቅርብ በመከታተል።»
ምትኩ ኅዳጉ ላይ፣ በቀይ፣ «ፈንታ ይየው» አለ፤
ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንቀጽ ዘጠኝ የለም፣ ተዘለለ።

አንቀጽ ዘጠኝ ማለት፦ የወንዝ አፍ መዝጋት፣
ዓሣው እንቁላሉን ይዞ ወደ መገጭ ሲወጣ፣ በውድቅት፣
መረብ እንዳይጣል። «ኃላፊው ብቻ» ይላል ሕጉ፤
የተወከለ አይወክልም። አለቀ። ይኸው ነው ወጉ።

ዓሣው ግን ሕግ አያነብም።
ከጎርጎራ ተደወለ፦ «ውሃው ደፍርሷል፤ ዓሣው መጥቷል፤
መረቡ ከዳር እስከ ዳር እንደ አጥር ተዘርግቷል።»
ፈንታ ስልክ መታ። አሥራ አንድ ጊዜ፤ ቆጠርኩለት።
«የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለች ያቺ ሴት።
ምትኩን ጠየቀ። «እኔ ራሴ አልተወከልኩበትም።»
ሕግ ክፍል ወረደ። «አስተያየት እንጂ ውሳኔ አንሰጥም።»

ደብዳቤው ተተይቦ መጣ። «ስለ» አለችበት፣ በልማድ።
እስክሪብቶ አነሣ፣ ሰረዛት፤
አንድ መስመር፣ ቀጭን፣ እንደ መረብ ገመድ።
ከሥሯ ሙሉ ስሙን፣ የእናቱን ስም አወጣጥ፣ ፈረመ።
«ማኅተም» አለኝ። እጄ አየር ላይ ቆመ።
ከዚያ መታሁት።
የእኔም ሥልጣን እንዳልነበር፣ ማታ አልጋዬ ላይ ነው ያወቅሁት።

ዘጠኝ ቀን ተዘጋ መገጭ።
አንድ አጥማጅ መጣ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፦
«የዘጠኝ ቀን ጉሮሮዬን ማን ይከፍለኛል በቃ?
ወካዩን ልክሰስ፣ ተወካዩን፣ ወይስ ያንን ማኅተም?»
ሦስታችንም ዝም አልን። መልስ አልነበረንም።

በአሥረኛው ቀን አቶ ጓንጉል መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም።
«እኔም ብኖር እዘጋው ነበር» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፤
«ግን አልነበርኩም።» ሻሩት፣ በገዛ ስማቸው ፈርመው።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ ማኖሪያ አጥቼለታል፤
«የጸና» ከሚለው ሣጥን አይገባ፣ ሽረውታል፤
«የተሻረ» ከሚለው አይገባ፣ ዓሣው አልፏል።
ለጊዜው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከምሳ ዕቃዬ ጋር።

ፈንታ ግዢ ክፍል ነው አሁን።
ትናንት ወረቀት አመጣ፣ የአራት ጎማ፤
«ስለ» አለችበት። እስክሪብቶው ሲወጣ ትንፋሼን ያዝኩ፣
ሳይሰርዛት ፈረመ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይሰማ።